የሊኑክስ ፓርቲሽን ሲጠፋ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው በተጫኑበት ኮምፒውተር ላይ የሊኑክሱ ክፍል ድንገት ቢታጣ፣ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ናቸው። ፓርቲሽን (የዲስኩ አንድ ክፍል) ሲሰረዝ የሚነሳው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚገልጸው አጭር መዝገብ ነው። ሰው ዳታውን የሚያጣው ከዚያ በኋላ በሚያደርገው ችኮላ ነው፤ ዊንዶውስ «ዲስኩን ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቀው እሺ ይላል፣ ወይም በባዶው ቦታ ላይ ሊኑክስን እንደ አዲስ ይጭናል። ስለዚህ ምልክቱን ለይተው እስኪያውቁ ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አይጻፉ።

ምርጫ ሳይመጣ በቀጥታ ዊንዶውስ ይከፈታል

ይህ ቀላሉ ነው። ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ የማስነሻው ቅደም ተከተል ተቀይሮ የዊንዶውስ ቡት ማኔጀር ወደ ፊት መጥቷል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚገባበት የማስነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው የሊኑክስዎን ስም፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ የሚለውን፣ አንደኛ ያድርጉት። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ከላይቭ ፍላሽ (ሊኑክስ ሳይጫን በቀጥታ ከሚነሳበት ፍላሽ) ተነስተው ግራብን፣ ማለትም ሊኑክስን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ መልሰው ይጫኑ። የዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት የሊኑክሱን ፓርቲሽን ያለ ፋይል ሲስተም ስም ቢያሳይዎት አይደንግጡ፤ ዊንዶውስ በራሱ ኤክስት4ን (ሊኑክስ ፋይሎቹን የሚያደራጅበትን ፋይል ሲስተም) አያነብም። ያ አስጨናቂ የፎርማት ጥያቄም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪው» ይላል

ግራብ ቀሪ ፋይሎቹን የሚፈልግበትን ፓርቲሽን አላገኘም ማለት ነው። ወይ የፓርቲሽኑ ቁጥር ተቀይሯል፣ ወይ ፓርቲሽኑ ራሱ ተሰርዟል። ሁለቱን ለመለየት ከላይቭ ፍላሽ ተነስተው ጂፓርትድን (ፓርቲሽኖችን የሚያሳየውን ፕሮግራም) ይክፈቱና ይመልከቱ ብቻ። ኤክስት4 የሚል ፓርቲሽን ከታየዎት ግራብን መልሶ መጫን ይበቃል። በቦታው «አንአሎኬትድ» (ያልተመደበ) የሚል ግራጫ ሳጥን ካለ ግን ወደሚቀጥለው ይሂዱ።

ቦታው «አንአሎኬትድ» ሆኗል

እዚህ ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል። መሣሪያው ቴስትዲስክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ዲስኩን እየቃኘ የፋይል ሲስተሞችን መነሻ ይፈልጋል፣ ከዚያም የተሰረዘውን መዝገብ መልሶ ይሠራል። ዲስኩ ድምፅ የሚያሰማ ወይም የንባብ ስህተት የሚያወጣ ከሆነ ግን አስቀድመው በዲዲሬስኪው (ከሚበላሽ ዲስክ ቅጂ በሚያወጣው ፕሮግራም) ሙሉ ቅጂውን ወደ ሌላ ዲስክ ይውሰዱ፤ ፍለጋውንም በቅጂው ላይ ያካሂዱ።

ቴስትዲስክን ከላይቭ ፍላሽ ያስነሱና ዲስኩን በስሙና በመጠኑ አረጋግጠው ይምረጡ። የፓርቲሽን ሰንጠረዡን (የፓርቲሽኖቹን መነሻና መጨረሻ የሚይዘውን መዝገብ) ዓይነት ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የጠቆመው ልክ ነው፦ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ ዓይነት) ለሚነሱት ኮምፒውተሮች ጂፒቲ፣ ለቆዩት ደግሞ ኢንቴል የሚለው። «አናላይዝ» ቀጥሎም «ኩዊክ ሰርች» ይበሉ። የጠፋው ፓርቲሽን ሲወጣ በላዩ ቆመው «ፒ» የሚለውን ፊደል ይጫኑ፤ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል። ይህን ሳያዩ አይለፉ። የራስዎን ፎልደሮች ስም ካዩ የተገኘው እውነተኛው ነው። እኔ የምመክረው ዋና ዋናዎቹን በ«ሲ» ፊደል ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጦ፣ «ራይት» የሚለውን ከዚያ በኋላ መጫን ነው። ምንም ካልተገኘ «ዲፐር ሰርች» አለ፤ ረጅም ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በሉክስ (በሊኑክስ የማመስጠሪያ ዘዴ) የተመሰጠረ ፓርቲሽን ግን ፋይል አይዘረዝርም፤ በእሱ ጊዜ መጠኑና መነሻው ከቀድሞው ጋር መግጠሙን ይመርምሩ።

በቦታው አዲስ የዊንዶውስ ፓርቲሽን ተፈጥሮ በፈጣን ፎርማት ከታለፈ፣ በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ አሁንም ተስፋ አለ። ኤክስት4 ዋናውን መረጃ የሚይዘውን ሱፐርብሎክ በተለያዩ ቦታዎች ይገለብጠዋል፤ ብሎኩ 4 ኪሎባይት ሲሆን የመጀመሪያው ቅጂ በብሎክ 32768 ላይ ይገኛል። የኤፍኤስሲኬ (የፋይል ሲስተም መጠገኛው ትዕዛዝ) ጥገናም ይህን ቅጂ ተጠቅሞ መነሳት ይችላል፤ ጥገናው ራሱ ዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ ግን ፋይሎቹ ከወጡ በኋላ ይሁን። ኤስኤስዲ ላይ ነገሩ ይከፋል። ፎርማት ሲደረግ ትሪም የሚባለው ትዕዛዝ ቦታው ነፃ መሆኑን ለዲስኩ ስለሚነግረው ይዘቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩን ወዲያው ያጥፉት፤ ከዚያም በፎቶሬክ ይሞክሩ። ፎቶሬክ ፋይሎችን በዓይነታቸው እየለየ ያወጣል፣ የቀድሞ ስማቸውንና ፎልደራቸውን ግን አይመልስም።

ፓርቲሽኑ ተመልሷል፣ ሲነሳ ግን 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይቆማል

ሊኑክስ የሌለ ፓርቲሽን እየጠበቀ ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲሞላ ሊኑክስ የሚጠቀምበት የዲስክ ቦታ) ነው፦ እንደ አዲስ ሲፈጠር ዩዩአይዲው (መለያ ቁጥሩ) ይቀየራል፣ ሲነሳ የሚከፈቱትን ፓርቲሽኖች የሚዘረዝረው ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ግን አሮጌውን ይዞ ይቀራል። የጂፓርትድን የፓርቲሽን መረጃ ከፍተው አዲሱን ዩዩአይዲ ይቅዱ፣ በኤፍኤስታብ ውስጥም በአሮጌው ቦታ ይተኩት። የስዋፑ ፓርቲሽን ከነአካቴው ከሌለ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የሃሽ ምልክት ጨምረው መስመሩን ያሰናክሉት።