በረዶ የመታውን አበባ ከመንቀላችሁ በፊት

ሐምሌ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቆረና ሽምብራ የሚያካክል በረዶ ወረደ። ሲያባራ ወጥቼ ግቢዬን አየሁት። የጽጌረዳዬ ቅጠል ተበሳስቷል፤ ሁለት ቅርንጫፏ ተገንጥሎ በልጡ ብቻ ተንጠልጥሏል። ካና የሚባለው አበባዬም መሬት ላይ ተኝቷል። ጎረቤቴ እማማ በአጥር አሻግረው አይተው "ልጄ፣ ይሄማ አለቀለት። ንቀዪና ሌላ ትከይ" አሉኝ። እኔ ግን አልነቀልኩም። መስከረም ሲጠባ ጽጌረዳዋ እንቡጥ ይዛ ነበር።

ከዓመት ዓመት የሚቆይ አበባ ጉልበቱ ያለው ስሩ ላይ ነው። ላዩ ቢረግፍም ስሩ ደህና ከሆነ መልሶ ያቆጠቁጣል። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቅ ያለች ከተማ ስለሆነች ውርጭ ብርቋ ነው። አበባው እንዲያገግም ዓመቱን ሙሉ ጊዜ አለው።

መጀመሪያ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። ግንዱን ከላይ ጀምራችሁ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ከልጡ ስር አረንጓዴና እርጥብ ነገር ካያችሁ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ውረዱና እንደገና ጫሩ። እኔ የጽጌረዳዋን አንድ ቅርንጫፍ ሦስት ቦታ ጭሬ ነው አረንጓዴውን ያገኘሁት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። እስከ መሬቱ ድረስ ደረቅ ቢሆን እንኳ አትቸኩሉ። አንዳንዱ ከስሩ ይወጣል።

ከዚያ ቁረጡ፤ ግን ዝናቡ ጋብ ባለበት፣ ቅጠሉ በደረቀበት ሰዓት ይሁን። እርጥብ ቁስል በሽታ ይስባል። መቀሱን ስላችሁ በአልኮል ጥረጉት። ግንዱ ላይ ቅጠል የሚወጣባት ትንሽ እብጠት አለች፣ ዐይን የምንላት። ወደ ውጭ ከምታየው ዐይን ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። የተሰበረውንና የደረቀውን ብቻ አንሱ። የተበሳሳ ቅጠል አያምርም፣ ግን አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተክሉን ይመግባልና ተዉት። የረገፈውን ግን ጠርጋችሁ ከግቢ አውጡ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሃው። ሰው አበባው ሲጠወልግ ሲያይ ወዲያው ውሃ ያፈሳል። በእኛ ክረምት ግን ብዙ ጊዜ አበባውን የሚገድለው የተኛ ውሃ ነው። ስርም አየር ይፈልጋል፤ ጭቃ ውስጥ ሲታፈን ውሃ መሳብ ያቆማል። ላዩን ስታዩት የጠማው ይመስላል። ለማወቅ ከተክሉ ራቅ ብላችሁ 30 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። በማግስቱም ውሃው ካለ፣ አፈራችሁ አያሳልፍም ማለት ነው። ከዳር በኩል ደግሞ አፈሩን ቀስ ብላችሁ ገለጥ አድርጉና አንድ ስር እዩ። ነጣ ያለና ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጠቁሮ ከለሰለሰ፣ ስትይዙት ቆዳው ከወለቀና ከሸተተ በስብሷል። እንዲህ ከሆነ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ቅደዱ። ካልበቃ፣ ክረምቱ ሲወጣ ተክሉን አንስታችሁ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉት። ቦገንቪሊያን ግን አታንሱት። ስሩ ሲነካ አይወድም፤ ለእሱ ቦዩ ይሻለዋል።

ማዳበሪያ ላይ ታገሡ። የተጎዳ ስር ዩሪያ ሲጨመርበት ይባስ ይቃጠላል፤ ትኩስ ፍግም እንደዚያው። አዲሱ ቡቃያ ጣት ሲያክል በደንብ የበሰበሰ ፍግ ዙሪያውን በስሱ በትኑ፣ ግንዱን ሳያስነኩ።

ካና ቀላል ነው። የተሰበረውን ከመሬት አጠገብ ቁረጡት፣ ራሱ ይመጣል። ሽንኩርት የሚመስል ስር ያላቸውን ሊሊዎች ግን ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ አትቁረጡ፤ የሚቀጥለውን አበባ የሚያጠራቅሙት በእሱ ነው። ጄራኒየም በቀላሉ ስለሚበሰብስ እኔ ሁሌ መጠባበቂያ እይዛለሁ። ከጤነኛው ጫፍ 10 ሳንቲሜትር ቆርጬ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ቀን ጥላ ስር አሳድሬ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር እተክለዋለሁ።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲቆም ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ውሃ ያስፈልገዋል። አፈሩ እንዳይደርቅ የጤፍ ጭድ አልብሱት፣ ከግንዱ አንድ መዳፍ አርቃችሁ። አደራ፣ ከሐይቁ ዳር እንቦጭ አምጥታችሁ አታልብሱ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ የግቢያችሁ ጎርፍ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጣና ሊገባ ይችላል። ሐይቁ ያለው ይበቃዋል።

እስከ ኅዳር ድረስ በየሳምንቱ ከግርጌው ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የጽጌረዳ ቡቃያ መጀመሪያ የምትወጣው የስንዴ ፍሬ አክላ፣ ቀላ ብላ ነው። ከቆማችሁ አትታያችሁም።