የካርድ ማሽን ክፍያዬን እንዴት እንዳስተካከልኩት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ የእንጀራና የባልትና ሱቅ አለኝ። አብዛኛው ደንበኛ በካርድ ነው የሚከፍለው። ሽያጩ ደህና ሆኖ ሳለ ወር ሲያልቅ እጄ ላይ የሚቀር ነገር አልነበረም። አንድ ማታ ሱቁን ዘግቼ የካርድ ክፍያውን የሚያስተናግድልኝ ድርጅት የላከልኝን ወርሃዊ ወረቀት ዘርግቼ ቁጭ አልኩና የተቆረጠውን በሙሉ ደምሬ ለካርድ ሽያጩ አካፈልኩት። ከ18,000 ዶላር 702 ዶላር ሄዷል። 3.9 በመቶ! ሲያዋውሉኝ ያሉኝ 1.7 ነበር።

ለካ ካርዶቹን በደረጃ ከፋፍለው ብዙዎቹን ውዱ ደረጃ ውስጥ ይከቷቸዋል። ገንዘቡ በቀጥታ ከደንበኛው ሂሳብ የሚወጣበትን ዴቢት ካርድ ሳይቀር። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ትልልቅ ባንኮች ከአንድ የዴቢት ካርድ ሽያጭ የሚወስዱት ክፍያ በ21 ሳንቲምና በሽያጩ 0.05 በመቶ ተገድቧል፤ ለማጭበርበር መከላከያ 1 ሳንቲም ቢጨመር ነው። አንዲት እናት 60 ዶላር የጤፍ ዱቄትና በርበሬ ሲገዙ ባንካቸው ትልቅ ከሆነ የሚወስደው ቢበዛ 25 ሳንቲም ነው። የቀረውን በአብዛኛው ድርጅቱ ነበር የሚያስቀረው።

ስለዚህ ‹ኢንተርቼንጅ ፕላስ› የሚባለውን አሠራር ጠየቅኩ፤ የባንኩ ክፍያ እንዳለ ይታያል፣ ድርጅቱ በላዩ በእያንዳንዱ ሽያጭ 0.3 በመቶና 8 ሳንቲም ብቻ ይጨምራል። ማሽኑንም በ48 ወር ኪራይ ፋንታ ገዛሁት። በቀጣዩ ወር ክፍያው ወደ 2.1 በመቶ ወረደ።

የ4 ዶላር ቡና ለሚሸጥ ግን ሳንቲሞቹ ይከብዳሉ፤ እዚያ ለሁሉም ካርድ እኩል የሆነ፣ 2.6 በመቶና 10 ሳንቲም ዓይነቱ ነጠላ ዋጋ ሊሻል ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት በራሳችሁ ደረሰኝ አስሉት።