ሪጀነሬቲቭ ፍሬን በቤት በተቀየረ ቮልስ ላይ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር ለተተካ አሮጌ ቮልስ ነው። ሪጀነሬቲቭ ፍሬን የሚባለው መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሠርቶ ባትሪውን መልሶ የሚሞላበት አሠራር ሲሆን፣ የዘይት ፍሬኑን ያግዛል እንጂ አይተካም፤ ስለዚህ የዘይት ፍሬኑ መስመር አይነካ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ በድንገት ይለቃል

ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ያደረ መኪና ጠዋት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ፣ «ቀጭ» የሚል የኮንታክተር (የባትሪውን ኃይል የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) ድምፅ ይሰማና ኃይሉ ይቋረጣል።

ምክንያቱ ባትሪው መሙላቱ ነው። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና 400 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ክፍል ማረፊያ ይፈልጋል። በተከታታይ የተያያዙ 32 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች ጣሪያቸው 116.8 ቮልት ስለሆነ፣ ያ ሲታለፍ ቢኤምኤሱ (የባትሪው ተቆጣጣሪ) ሴሎቹን ለማዳን ኮንታክተሩን ይከፍታል፣ ማለትም ኃይሉን ይቆርጣል። አደጋው ያኔ ነው፤ መሄጃ ያጣው ኃይል የኮንትሮለሩን (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ቮልቴጅ አንሮ ትራንዚስተሮቹን ሊያቃጥል ይችላል።

መፍትሄው ከፍታ ላይ የሚያድር መኪና ከ85 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ማድረግ ነው። የእነዚህ ሴሎች ቮልቴጅ ከመሙላታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ እስኪደርስ ድረስ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ መጠኑ በቮልት ሳይሆን በአምፔር ሰዓት ቆጣሪ ይለካ። ኮንትሮለሩም መላሹን ኃይል ከ110 ቮልት ጀምሮ እየቀነሰ 115 ላይ ዜሮ እንዲያደርሰው ይስተካከል፤ ቢኤምኤሱ ደግሞ ኮንታክተሩን ከመክፈቱ በፊት ለኮንትሮለሩ የማቆሚያ ምልክት እንዲልክ በሽቦ ይያያዝ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ሽቦ ነው።

ዝናብ ላይ የኋላው ይንሸራተታል

ቮልስ የሚገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ ሪጀነሬቲቭ ፍሬኑም የሚይዘው ኋላውን ብቻ ነው። የፍጥነት ፔዳሉ በቅጽበት ሲለቀቅ እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ሊቆለፍ ይችላልና፣ የአምፔሩ ጣሪያ ዝቅ ይደረግ፤ ኃይሉም ቀስ ብሎ እንዲገባ ይስተካከል። በአንድ ፔዳል የመንዳት ምቾት ለዚህ መኪና ቅንጦት ነው።

ጭራሽ አይሠራም

ሞተሩ ከፎርክሊፍት የወጣ ሲሪስ ዲሲ (የማግኔቱ ጥቅልል ከሚሽከረከረው ክፍል ጋር በተከታታይ የተያያዘ የቀጥታ ጅረት ሞተር) ከሆነ አይድከሙ፤ የሚመለሰው ኃይል የራሱን ማግኔት ያጠፋል፣ ካርቦኖቹም እሳት ይረጫሉ። የሚያዋጣው ሞተሩን ከነኮንትሮለሩ በኤሲ (በተለዋዋጭ ጅረት የሚሠራ) መቀየር ነው።

የፍሬን መብራት አይበራም

የፍሬን ፔዳል ስላልተረገጠ መብራቱ አያውቅም፣ ከኋላ ያለው ሾፌር ግን መኪናው ሲቆምበት ያያል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 13ኤች የፍጥነት ቅነሳው በሰከንድ ከ1.3 ሜትር በሰከንድ ሲበልጥ መብራቱ እንዲበራ ያስገድዳል። ከኮንትሮለሩ የሪጀን መውጫ በሪሌ (በኤሌክትሪክ ምልክት በሚሠራ ማብሪያ) አድርገው ከመብራቱ ጋር ያያይዙት፤ ሲሞክሩም አንድ ሰው ከኋላ በሌላ መኪና ይከተልዎት።