ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ላልፈታ ልጅ፦ ቃሉን እንዴት እንቁጠር?

በሁለት ዓመቱ ከ50 ያነሰ ቃል የሚናገር ወይም ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ ዘግይቷል ይባላል። «ትንሽ ትንሽ ይላል» በሚል ግምት ግን አይወሰንም። አንድ ሳምንት ደብተር ይዛችሁ በራሱ አንደበት ያወጣውን እያንዳንዱን ቃል አንድ አንድ ጊዜ ጻፉ። አያቱና ሞግዚቱም ያስጽፉ፤ ደጅ ባጃጅ ሲያይ የሚለውን እናቱ ላትሰማው ትችላለች።

«ጡጡ»ም «እምቧ»ም ይቆጠራሉ። ባጃጅን ሁልጊዜ «ጃጅ» ካለ ቃል ነው። ከአዋቂ አፍ ተቀብሎ ወዲያው የደገመው ግን አይቆጠርም። ቤቱ አማርኛና አገውኛ የሚነገርበት ከሆነ የሁለቱንም ደምሩ። ሁለት ቋንቋ መስማት እክል አያመጣም፤ «አንዱን ተዉት» የሚላችሁን አትስሙ።

የሚያስቸግረው ማገናኘቱ ላይ ነው። መለኪያው በብዛት የተሠራው በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ሲሆን፣ የአማርኛ ግሥ ደግሞ ብቻውን ብዙ ይሸከማል፦ «ስጪኝ» ውስጥ ሰጪዋም ተቀባዩም አሉ። ልጁ «ስጪኝ»ን ብቻ ደጋግሞ ካለ እንዳለች የያዛት ልትሆን ትችላለች። «ስጪው»፣ «አሳዪኝ» እያለ ከቀያየረ ግን ሰዋስው ጀምሯል፤ እነዚህን ለብቻ መዝግቡ።

ቁጥሩ ካነሰ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። ከኋላ ሲጠሩት መዞሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ባንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ወይም መካከለኛው የጆሮ ክፍሉ (ከታምቡሩ ጀርባ ያለው) ፈሳሽ የቋጠረ ልጅም ይዞራል። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዳችሁ የመስማት ምርመራ ጠይቁ። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈስሳል፣ ያመረቅዛል እንጂ አፍ አይፈታም።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ቀላል ነው። ጣና ዳር «ዓሣ!» ካለ «አዎ፣ ዓሣው እየዋኘ ነው» ብላችሁ አስረዝሙለት፤ ከዚያ በልባችሁ እስከ አምስት ቆጥራችሁ ጠብቁ። «በል እስቲ፣ ዓሣ በል» እያሉ ማስጨነቅ ዝም ያሰኘዋል።

ዘግይተው የጀመሩ ብዙ ልጆች እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። ሁሉም ግን አይደርሱም፦ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ትምህርት ከጀመሩ ልጆች ከመቶ ሰባት ያህሉ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የቋንቋ እክል ነበረባቸው። ስለዚህ ቆጠራውን በየሦስት ወሩ ድገሙት። የሚባለውን የማይረዳ ወይም በጣቱ የማያመለክት ልጅ ሦስት ወር አይጠበቅለትም። የነበረው ቃል ከጠፋበት ደግሞ ደብተሩን ትታችሁ በዚያው ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።