ለ9 ሰው 14 ቻናል? ኦፕን ሶርስ ቡድን ስታቋቁሙ የማይደረጉ ነገሮች

ሰሞኑን አንድ ልጅ «የአማርኛ ኪቦርድ በኦፕን ሶርስ ልንሠራ ነው፣ ግባ» ብሎ የዲስኮርድ (የቡድን ማውሪያ መተግበሪያ) ሊንክ ላከልኝ። ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ገባሁ። 14 ቻናል (የወሬ ክፍል)! አባላቱን ቆጠርኩ፤ ከእኔ ጋር 9። «ዲዛይን» ባዶ። «ትርጉም» ባዶ። «ጨዋታ» የሚለው ውስጥ አንድ ሰው «ሰላም ነው?» ብሏል፤ ከሦስት ሳምንት በፊት። የመለሰለት የለም።

ይሄን ስንቴ አየሁት! እንግዳ ሳይጠራ ድንኳን ይተከላል። አዲስ የገባ ሰው ጥያቄውን የት እንደሚጽፍ ግራ ይገባዋል። አንዱ ጋ ይጥለዋል፣ መልስ ያጣል፣ ሹልክ ብሎ ይወጣል። እናንተ ደግሞ «ሰው ይገባል እንጂ አይሠራም» እያላችሁ ታማርራላችሁ። ኧረ ጠይቆ ነበር እኮ! በሁለት ጀምሩ፤ አንዱ ለማስታወቂያ፣ ሌላው ለሁሉም ወሬ። የፎንት ክርክር ሌላውን ሁሉ ሲያጥለቀልቅ፣ ሰዉ «እስቲ እናንተ ወዲያ ሂዱልን» ማለት ሲጀምር፣ ያኔ ለፎንት ክፈቱለት። ቴሌግራም ላይ ከሆናችሁ ቶፒክ (ግሩፑን በርዕስ የሚከፍለውን) ማብራት ይበቃል፤ አዲስ ግሩፕ አያስፈልግም።

ኢንቦክስ ላይ አትወስኑ። ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ። «ኀ» የትኛው ቁልፍ ላይ ትሁን የሚለውን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሌሊት በኢንቦክስ ጨረስን፤ ጠዋት ኮዱን ለወጥነው። ለካ አንዲት ልጅ ሁለት ሳምንት ለፍታበት ነበር። የሰማችው ሥራዋን ጨርሳ ስትልክ ነው። ምንም አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ግን አልጻፈችም። አሁን ኢንቦክስ ለሚመጣልኝ ሁሉ «ግሩፑ ላይ ጠይቀኝ፣ እዚያው እመልስልሃለሁ» እላለሁ። ጉረኛ የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ።

የተወሰነውን ደግሞ ቻት ውስጥ አትቅበሩት። ነፃው ስላክ (ሌላው የቡድን ማውሪያ) የሚያሳያችሁ የ90 ቀን መልእክት ብቻ ነው። ጊትሃብ (ኮዱ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ኢሹ (ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ገጽ) ክፈቱለት። ኋላ ስትፈልጉትም ተጠንቀቁ፤ ለኮምፒውተር «ሥራ» እና «ስራ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ፣ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። ለቻናል ስምና ለሃሽታግ አንድ አጻጻፍ ተስማሙ።

«2 ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ነገር የለም። እኛ ማታ 2 ሰዓት ማለታችን ነበር። ዋሽንግተን ያለው ልጃችን ከሥራ አስፈቅዶ በእሱ ከቀኑ 2 ሰዓት (14:00) ላይ ገባ። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ በእኛ ማታ 3 ሰዓት ማለት ነው። ተሰነባብተን እየወጣን ደረሰ። «20:00 በአዲስ አበባ» ብላችሁ ጻፉ።

አድሚን አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ስልኩ የተሰረቀ ቀን ይገባችኋል።

ይሄን ሁሉ ለዚያ ልጅ ጻፍኩለት። 11ዱን ቻናል ዘጋ። «ጨዋታ»ን ግን አልነካም አለኝ። ገብቼ «ሰላም ነው፣ አንተስ?» ብዬ መለስኩ። ሰውየው እስካሁን አላየውም።