ንፋስ የሚገባበትና የሚወጣበት ባለ ውስጠ ግቢ ቤት እንዴት ይነደፋል?

አንድ ጊዜ ግድግዳውን የሞላ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ላቤ ይንቆረቆራል። ውጭ ዛፉ ይወዛወዛል፤ መጋረጃው ግን ንቅንቅ አይልም። ተነስቼ ከኋላዬ ያለውን በር ስከፍት መጋረጃው ተነፍቶ ተነሳ። ንፋስ መውጫ ካላገኘ አይገባም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ውስጠ ግቢ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ክፍሎቹ በአንድ ጎን ወደ ውጭ፣ በሌላው ወደ መሐሉ ግቢ ይከፈታሉ።

1. ሙቀቱን ለዩ

ደረቅ ሙቀት ባለበት ቦታ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እዚያ ጠባብና ጥልቅ ግቢ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ቀን የሚዘጋና ማታ የሚከፈት መስኮት ያዋጣል። እርጥበት ባለበት ቦታ ግን ሌሊቱም ያው ነው። ላብን የሚያደርቀው የሚንቀሳቀስ አየር ብቻ ነው። በሰከንድ 1 ሜትር የሚነፍስ አየር ሙቀቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ የቀነሰ ያህል እንዲሰማን ያደርጋል። ከዚህ በታች የምለው ለእርጥበታማው ነው።

2. ንፋሱን ተከታተሉ

ባዶው ቦታ ላይ እንጨት ተክላችሁ ጫፉ ላይ ቀላል ጨርቅ እሰሩ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዩት፤ ወቅት ሲቀየርም ድገሙት። ባሕር ዳርቻ ከሆነ ቀን ከባሕሩ፣ ሌሊት ከየብስ ይነፍሳል።

3. ቤቱን አዙሩ

ረጃጅም ጎኖቹ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዩ። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የጣሪያ ጠርዝ አይከልላትም፤ ስለዚህ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ግድግዳው አጭር፣ መስኮቱም ጥቂት ይሁን። ንፋሱ ከምዕራብ ቢመጣስ? እኔ ለፀሐይዋ አደላለሁ። ንፋስ በአጥር፣ በተክል ወይም ወጣ ባለ ግድግዳ ይመራል፤ 45 ዲግሪ ተንጋዶ ቢመጣም ይገባል። ፀሐይን ግን ማን ይመራታል?

4. ግቢውን ክፈቱ

በአራቱም ጎን ድፍን የሆነ ግቢ ጉድጓድ ነው፤ ንፋሱ ከላይ ያልፈዋል። ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ቤቱ ዝቅ ይበል፣ ወይም ግድግዳ የሌለው በረንዳ ይሁን። የግቢው ስፋት በዙሪያው ካለው ቤት ቁመት ባያንስ ይመረጣል። ስሪላንካዊው አርክቴክት ጄፍሪ ባዋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮሎምቦ ውስጥ የሠራው የኢና ደ ሲልቫ ቤት በሰፊ ግቢ ዙሪያ የተሠራ ነው። ሥራዎቹን ማየት ያስተምራል።

ወለሉን በሙሉ ሲሚንቶ አታልብሱት። ፀሐይ ያጋለው ሲሚንቶ የሚያልፈውን አየር አሙቆ ወደ ክፍላችሁ ይልከዋል። ሣር ይሁን፤ ግንዱ ረጅም፣ ጥላው ሰፊ የሆነ ዛፍም ይጨመርበት። መስኮት ሥር ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ግን አይተከል።

5. ክፍሎቹ

ከውጭ እስከ ግቢው አንድ ክፍል ብቻ ይኑር። በሁለት ጎን የሚከፈት ክፍል ጥልቀቱ፣ ማለትም ከአንዱ መክፈቻ እስከ ሌላው ያለው ርቀት፣ የኮርኒሱን ቁመት 5 እጥፍ እስኪሆን ድረስ ንፋስ ያሳልፋል ይባላል፤ ለ3 ሜትር ኮርኒስ 15 ሜትር መሆኑ ነው። ቁም ሳጥኑና ሶፋው ሲገባ ግን ሌላ ነው። እኔ ከ6 ሜትር አላልፍም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመስኮቱ ከፍታ ላይ ነው። የመስኮቱ ደፍ 1 ሜትር ላይ ሆኖ አልጋው 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ንፋሱ ከተኛው ሰው በላይ ያልፋል። መግቢያውን ወደ ሰውነታችሁ አውርዱት። መውጫው ከመግቢያው አይነስ። ከውስጥ በሮች በላይም ክፍት ቦታ ተዉ፤ ማታ በር ሲዘጋ አየሩ እንዳይቆም። የትንኝ ወንፊት ንፋስ ስለሚቀንስ መስኮቱ ላይ ከማድረግ በረንዳውን በሙሉ ማልበስ ይሻላል።

6. ጣሪያው

ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዋናው ሙቀት የሚመጣው ከላይ ነው። ቆርቆሮው ነጣ ያለ ይሁን። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር ከታች ገብቶ በጣሪያው ጫፍ ይውጣ። ጠርዙም ሰፋ ብሎ ይውጣ፤ ዝናብ እየዘነበ መስኮት መክፈት የሚቻለው ያኔ ነው።

7. ውሃው

ጣሪያው ወደ ግቢው ካዘነበለ ዝናቡ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። የክፍሎቹ ወለል ከግቢው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የግቢው መሬት በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ፍሳሹ ያዘንብል። መውጫ ቱቦው ሁለት ይሁን፤ አንዱን ቅጠል የሚደፍነው ዶፍ በሚወርድበት ቀን ነው።

8. በካርቶን ሞክሩት

ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ቤቱን 50 ጊዜ አሳንሳችሁ በካርቶን ሥሩት፤ ጣሪያው የሚነሳ ይሁን። በየክፍሉ ቀጭን ክር አንጠልጥሉ። ቬንትሌተሩን በንፋሱ አቅጣጫ አስቀምጡና ክሮቹን በመስኮቶቹ አጮልቃችሁ እዩ። ክሩ ያልተንቀሳቀሰበት ክፍል ላይ በምላጭ ቀዳዳ አውጡና እንደገና ሞክሩ።