የቆየ ፒክአፕ የታምቡር ፍሬን እንዴት ታድሶ ይስተካከላል?

አሮጌ ፒክአፕ የገዛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ረግጦ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲወርድበት «ፍሬኑ ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን አልሞተም፤ የሚያስተካክለው ሰው አጥቶ ነው። በታምቡር ፍሬን ውስጥ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት (ታምቡሩን) ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው ሸራ በሳሳ ቁጥር ከታምቡሩ ይርቃል፤ ያንን ርቀት የሚሞላው ደግሞ የእግርዎ ጉዞ ነው። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡና ያዳምጡት። ዝቅ ብሎ ነገር ግን ደንደን ብሎ የሚቆም ከሆነ ማስተካከል ይፈልጋል። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ተረግጦ እንደተያዘ ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ወይ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው፣ ወይም በማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ክፍል) ውስጥ ባለቀ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት በሚይዝ የጎማ ማኅተም፣ በኩል እያመለጠ ነው።

እዚህ የማወራው በቆዩ ፒክአፖች ላይ በብዛት ስለሚገኘው ዓይነት ነው፦ ሁለቱ ሸራዎች (ሸራ የለበሱት ቅስት ብረቶች) ከላይ በአንድ ወፍራም ፒን ላይ ያርፋሉ፣ ከታች ደግሞ በባለጥርስ ማስተካከያ ይገናኛሉ።

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ። የማይነሱትን ጎማዎች በሽብልቅ ከፊትና ከኋላ ይያዙ፤ ካነሱት በኋላ በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፉት። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አይታመንም። የኋላውን የሚሠሩ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ገመዱንም ያላሉ።

ታምቡሩ አልወጣ ካለ በጉልበት አይታገሉት። ሸራው ለዓመታት ሲፋተግ የታምቡሩን ውስጥ ስለሚሰረጉደው ጠርዙ ላይ ከንፈር ይፈጠራል፤ ሸራው ከዚያ ከንፈር ጀርባ ተይዞ ይቀራል። ሸራዎቹን ከተሸከመው፣ ከማይዞረው ላሜራ ጀርባ በታች በኩል ያለችውን የጎማ ክዳን አንሥተው በቀጭን ካቻቢቴ የማስተካከያውን ጥርስ ወደ መላላቱ ያዙሩ። ዝገት ብቻ ከሆነ የያዘው መሐሉ ዙሪያ ላይ ዘይት አርከፍክፈው፣ ትንሽ ቆይተው በመዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ያድርጉት።

ታምቡሩ ሲወጣ የሚያዩት ጥቁር አቧራ ነው። በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር እንዳይነፉት። ውኃ ረጭተው ያርጥቡትና በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁንም በላስቲክ አሥረው ይጣሉት።

አሁን የዚህ ሥራ ትልቁ ሕግ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ይፍቱ። ሌላው ጎን ካርታዎ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ጊዜ ለማትረፍ ብዬ ሁለቱንም ፈትቼ ሞላዎቹን በአንድ ሣህን ላይ ዘረገፍኳቸው፤ አመሻሹ ላይ ቀለሙ አንድ የሚመስል፣ ርዝመቱ ግን በጣት ጥፍር የሚበላለጥ ሞላ ይዤ የየትኛው ቦታ እንደሆነ ስገምት ቁጭ ብዬ ነበር። ፎቶ ማንሳትም ጥሩ ነው፤ ግን ፎቶ ከኋላ ያለውን አያሳይም።

ሞላዎቹን በተሠራላቸው መፍቻ ያውጡ፤ በፒንሳ ሲያወጡ ካመለጠ ዐይን ላይ ያርፋልና መነጽር ያድርጉ። ታምቡሩ በወጣበት ሰዓት ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ ይጠንቀቁ፤ ሸራዎቹን በዘይት ግፊት የሚገፋው የጎማው ሲሊንደር ፒስተኖች ተስፈንጥረው ይወጣሉ።

ሁለቱን ሸራዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የአንዱ ሸራ ከሌላው ያጠረ ሆኖ ያገኙታል። ስሕተት አይደለም። ታምቡሩ ወደፊት ሲዞር የፊተኛውን ሸራ ይዞት ሊሄድ ይሞክራል፤ እሱም በታችኛው ማስተካከያ በኩል የኋለኛውን ይገፋዋል፤ የኋለኛው ከላይኛው ፒን ጋር ተደግፎ በታምቡሩ ላይ ይጣበቃል። ፍሬኑ የመኪናውን ጉዞ ለራሱ ጉልበት ያደርገዋል ማለት ነው። ከባዱን ሥራ የሚሠራው የኋለኛው ስለሆነ ረጅሙ ሸራ የእሱ ነው። አጭሩ ወደ መኪናው ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ። ይህ ሲገለበጥ ፍሬኑ ይደክማል፤ አንዱ ጎን ብቻ ከተገለበጠ ደግሞ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ያወጣል። ይጣል፤ አዲሱም በግራና በቀኝ በአንድነት ይቀየር። ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ግን አይግጠሙ።

የሲሊንደሩን የጎማ ሽፋን ጠርዝ ገለጥ ያድርጉ። ውስጡ ዘይት ካቆረ ጎሚኒው አልቋል። ፒስተኑን አውጥተው ውስጡን በብርሃን ይመልከቱ፤ ቀለል ያለ እድፍ በማለስለሻ ይነሣል፣ ዝገቱ ጉድጓድ ከሠራ ግን አዲስ ጎሚኒ አያድነውም። እኔ ብሆን ሙሉውን ቀይሬው እገላገላለሁ። ወደ ጎማው የሚመጣውንም የጎማ ቱቦ አይዝለሉት፤ ያረጀ ቱቦ ከውስጥ ሲያብጥ ዘይቱን አሳልፎ መመለሱን ይከለክላል፣ ሸራውም እንደያዘ ይቀራል።

በታምቡሩ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ ስፋት ብዙውን ጊዜ ታትሟል። ለክተው ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት መውሰድ ዋጋ የለውም፤ አዲስ ይፈልጋል። የተሰነጠቀም እንዲሁ።

ሸራዎቹ የሚንሸራተቱባቸውን የላሜራውን ከፍ ያሉ ቦታዎች በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ይቀቡ፤ በስሱ ያልኩት የተረፈው ሸራው ላይ ስለሚሄድ ነው። ማስተካከያውን ፈትተው አጥበው በጣት እስኪዞር ያለስልሱት። ራሱን በሚያስተካክለው ዓይነት ላይ የግራና የቀኝ ማስተካከያዎች የብሎን ጥርሳቸው ዙር ተቃራኒ ነው፤ ከተለዋወጡ ማጥበብ ሲገባቸው ያላላሉ።

ከመግጠምዎ በፊት የታምቡሩን ውስጥ በጠመኔ ይቀቡ፣ አዲሱን ሸራ በእጅ ይዘው ያሹበት። ጠመኔው በሸራው መሐል ከታየ ደኅና ነው። በሁለቱ ጫፎች ብቻ ከታየ ግን ሸራው ይነክሳል፣ ይጮኻልም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ማስተካከል በጆሮና በእጅ ነው። ጥርሱን እያዞሩ ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ያጥብቁ፤ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቀው ሲረግጡ ሸራዎቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ጎማው ነጻ ሆኖ ሲዞር ሸራው ጫፉን ብቻ ሽር ሽር የሚል ድምፅ እስኪያሰማ ያላሉ። ራሱን በሚያስተካክለው ዓይነት ለማላላት ጥርሱን የያዘችውን ምላስ በሌላ ቀጭን ካቻቢቴ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚጠብቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከጠበቀ ሸራውን ከቦታው ስለሚያነሣው ልኩ ይሳሳታል።

መስመሩ ከተከፈተ አየሩን ያስወጡ፤ በተለምዶ ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። አንድ ሰው ይረግጣል፣ ሌላው ከጎማው ሲሊንደር ጀርባ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ከፍቶ ፔዳሉ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋል። የወጣውን ዘይት መልሰው አይጠቀሙበት፤ የፍሬን ዘይቱ ዓይነት ዶት 3 ከነበረ ሲሊኮን ከሆነው ዶት 5 ጋር አይቀላቅሉ፤ ቀለም ላይ ከፈሰሰም ወዲያው በውኃ ያጥቡ።

ፔዳሉ ከፍ ብሎ ካልደነደነ መኪናውን ከቦታው አያንቀሳቅሱ። ከደነደነ ሰው በሌለበት ሜዳ በዝግታ ደጋግመው ያቁሙት፤ ጥቂት ጊዜም ወደ ኋላ እየነዱ ይርገጡ፣ ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት የሚሠራው ያኔ ነውና። ትንሽ ነድተው ሲመለሱ እጅዎን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር ያስጠጉ። ከአቻው ይልቅ ሙቀቱ የሚጋረፍ ካለ እሱ ጠብቋል፤ አንሥተው ሁለት ጥርስ ያላሉት።